የአሥር ሰዓት መንገድ

«በዚያ በኩል ሰው አያልፍም። አጥሩ ድፍን እንዲሆን ተወስኗል፤ ፕላኑ ዛሬ ያልቃል» ሲል ሰማችው። ዓለምሰገድ ግቢው ውስጥ ከውሃው በርሜል አጠገብ በሽርጥ ቆሞ፣ በአንድ እጁ የጥርስ ብሩሹን ይዞ በሌላው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል። ታላቅ እህቱ ስምረት ማድቤት ውስጥ ለምሳ ቤቷ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፤ ቢላዋዋ መክተፊያው ላይ ቀረች። «በዚያ በኩል» የተባለው የት እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ከጓሯቸው ተነስቶ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲን ባዶ መሬት የሚሰነጥቀው፣ በተቀደደው የሽቦ አጥር ሾልኮ መማሪያ ክፍሎቹ ዘንድ፣ ከዚያም ማዶ ካለው አስፋልት የሚያደርሰው የእግር መንገድ ነው። ተማሪዎቹ ሽሮዋን ፍለጋ የሚመጡት በዚያ ነው። እሷ ገብርኤልን ለመሳለም፣ ጎረቤቶቿ መስጊድ ለመድረስ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች ሰርቪሳቸውን ለመያዝ የሚያቋርጡት በዚያ ነው። እዚያ ላይ ድፍን ግንብ ከቆመ፣ የሰማንያ ብር ሽሮ ለመብላት ደርሶ መልስ ባጃጅ የሚከፍል ተማሪ አይኖርም፤ ምሳ ቤቷም ትዘጋለች። ከሁሉ የገረማት ግን ሌላ ነው። የዩኒቨርሲቲው የፕላን ክፍል ሠራተኛ የሆነው ይኸው ዓለምሰገድ፣ በየጠዋቱ ወደ ሥራው የሚሄደው በዚያው መንገድ ነው።

ፉሉን በዘይትና በቃሪያ አድርጋ ከትኩስ ዳቦ ጋር አቀረበችለትና ይነግረኛል ብላ ጠበቀች። እሱ ዳቦውን እየቆረሰ ሙቀቱ ዛሬ መባሱን ነገራት። ግንቦት አይደል፣ አለችው። ቲማቲም ደግሞ እንደገና መወደዱን ነገረችው፤ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እንዲህ ናቸው ሁለቱ። አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ስለ ቲማቲምና ስለ ሙቀት ብዙ ያወራሉ፤ ስለቀረው ዝም ይባባላሉ። ዝምታው ሲረዝምባት የተገኘላትን ተናገረች። ባለ ሰማያዊ መስመሩ የማድቤት ጨርቋ ጠፍቷል፤ ያለፈውም እንዲሁ እንደ ዋዛ ጠፍቶ ነበር፤ በዚህ ከቀጠለ ድስት በምን ልታወርድ ነው? ዓለምሰገድ ጫማውን እያየ፣ ድመት ይሆናል አለ። ድመት ጨርቅ ምን ይሠራላታል ብላ ልትጠይቀው ስትል ተነስቶ ነበር። እንደ ሁልጊዜው ጫማው እንደ መስታወት ያበራል። በጓሮው በር ወጥቶ አሸዋውን እየረገጠ ሲርቅ፣ ስምረት በሩ ላይ ቆማ አማተበችለት። ቂም ይዛ እንኳ ሳታማትብ ሸኝታው አታውቅም።

እሱ ከዓይኗ እንደራቀ ጎረቤቷ ኹርሲ ዘንድ ሄደች። ኹርሲ አመሻሽ ላይ ለተማሪዎች ሳንቡሳ የምትጠብስ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ሶማልኛውንም በአንድ አፍ የምትቆላ ሴት ናት። የሰማችውን ስትነግራት የሳንቡሳውን ሊጥ መዳመጧን ሳታቆም፣ «አቦ ስምረት፣ አጥር ከታጠረ እንግዲህ ሳንቡሳውን በድሮን ነው የምንልከው» አለች። የጨርቁንና የድመቷንም ነገር ሰምታ ከት ብላ ሳቀች። ለነገሩ ሰፈሩ ከሰሞኑ ሁሉ እንደ ሰርግ ቤት ሆኗል። ሞንታርቦ የጫነች መኪና እየዞረች፣ የዩኒቨርሲቲው የሃያ ዓመት ማስተር ፕላን ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ለሕዝብ ይታያል ብላለች። የማስተማሪያ ሆስፒታል ሊሠራ ነው፤ አዲስ የተማሪዎች ማደሪያ ሊቆም ነው። ባለ ግሮሰሪው ዛኪር ለሚመጡት ተከራዮች ከወዲሁ አንድ ክፍል ጀምሯል። ኹርሲም ብትሆን የልጅ ልጇ ሐኪም ለመሆን የምትማርበትን ሕንፃ ዛሬውኑ አይታ ማደር ፈልጋለች፤ ልጅቷ ሁለተኛ ክፍል መሆኗ ሐሳቧን አላስቀየራትም። «ሃያ ዓመት ምን አላት? ትናንት አይደል ያገባሁት» ብላ ሻርፗን አነሳች።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። መሐል ላይ በመስታወት የተሸፈነ ትልቅ ሞዴል ተቀምጧል፤ ስምረት አጎንብሳ ስታየው የመጣችበትን ጉዳይ ለጊዜው ረሳችው። ከጣት የማይበልጡ ዛፎች በመስመር ቆመዋል፤ እንደ ስኳር ኩብ የነጡ ሕንፃዎች፣ ሰማያዊ የተቀባ መዋኛ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ሰዎች። ሆስፒታሉ ጣሪያው ላይ ሄሊኮፕተር ማረፊያ አለው። አንዲት እናት ሕፃኗን ከፍ አድርጋ ታሳየዋለች፤ ሽማግሌዎች በከዘራቸው ጫፍ እያመለከቱ የእነሱ ቤት የቱ ጋ እንደሚውል ይከራከራሉ። ኹርሲ የልጅ ልጇን ፋኩልቲ አግኝታ መስታወቱን ሳመችው። የድሬ ልጅ ለትምህርት ብሎ አገር ጥሎ መሄዱ ሊቀር ነው ብላ ስምረት ልቧ ሙልት አለ፤ ተመስገን አለች በሆዷ። ከዚያ በዓይኗ መንገዷን ፈለገች። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ያለው ባዶ መሬት አረንጓዴ ሆኗል፤ ከአረንጓዴው ጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ ግንብ ተዘርግቷል። ከግንቡ ወዲህ ምንም የለም፤ የእነሱ ሰፈር ያለበት ቦታ ባዶ ጣውላ ነው።

ቀና ስትል ዓለምሰገድ ፊት ለፊቷ ቆሟል፤ አንገቱ ላይ ባጅ፣ በእጁ ማመልከቻ ዘንግ። ከጎኑ ከአዲስ አበባ የመጡት የፕላኑ አጥኚዎች አሉ። ዋናዋ ኢንጂነር ቢታንያ፣ ዕድሜዋ ከሠላሳ ብዙም ያላለፈ ቀጭን ሴት፣ ረዳቷ ደግሞ ታብሌት የታቀፈ ቦና የሚባል ወጣት። ዓለምሰገድ እህቱን አየ። ፊቱ ጥቂት ቀላ፤ ከዚያ ድምፁን አስተካክሎ፣

«እንኳን ደህና መጣችሁ፣ እናቶች» አለ።

ኹርሲ አፏን ከፍታ ቀረች። ስምረት ግን በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ወደ ኢንጂነሯ ዞረችና በዚህ ቀይ ግንብ ላይ በር የለም ወይ ብላ ጠየቀች። ኢንጂነሯ በትሕትና አስረዳቻት። በሩ ሊተው ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን በር ጥበቃ ይፈልጋል፣ ጥበቃ በጀት ይፈልጋል፤ ስለዚህ የሚያልፍ ሰው መኖሩን ለማረጋገጥ ደጋግመው መጥተው አይተዋል፤ ከፍየል በቀር ያለፈ የለም። የሰፈሩን ሰው ለመጠየቅም ቤት ለቤት አንኳኩተዋል፤ የሚከፍት አላገኙም። አንድ ቤትማ ከውስጥ የሴት ድምፅ «ማንም የለም!» ብሏቸዋል። የክፍሉን ባለሙያም ጠይቀዋል፤ ዓለምሰገድን በእጇ አመለከተች፤ እሱም ሰው እንደማያልፍ ነግሯቸዋል። ዓለምሰገድ የዘንጉን ጫፍ ያይ ነበር። ስምረት ግን «ማንም የለም» የሚለውን ከሰማች በኋላ ሌላውን አልሰማችም፤ የድምፁ ባለቤት ኹርሲ ጎኗን ስትቆነጥጣት ሳቋን ዋጠች። በስንት ሰዓት ነበር የመጣችሁት፣ ብላ ጠየቀች። ቦና ታብሌቱን ነካ ነካ አድርጎ፣ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ባለው ነው አለ። የመስክ ሥራቸውን የሚሠሩት ጠዋት የቢሮውን ከጨረሱ በኋላ ነበር።

«ኧረ በስመ አብ» አለች ስምረት። «በስምንት ሰዓት ድሬዳዋ ሰው ይፈለጋል እንዴ?»

ኢንጂነሯ ፈገግ አለች እንጂ ነገሩ አልገባትም። ሰነዱ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ለምክትል ፕሬዚዳንቱ እንደሚሰጥ፣ አመሻሽ ላይ በአውሮፕላን እንደሚመለሱ፣ ከዚህ በኋላ አስተያየት ቢኖር ከአምስት ዓመት በኋላ ፕላኑ ሲከለስ እንደሚታይ ነገረቻት። አምስት ዓመት! ስምረት ብዙ የምትለው ነበራት፤ ነገር ግን ቃላቱ ሰው በተሰበሰበበት አንደበቷ ላይ አልመጣ አሉ። እጇ የሚያውቀው ሥራ ስለሆነ ብቻ፣ ምሳ ቤቴ ብሉ አለቻቸው። ኢንጂነሯ አመሰገነች፣ ጊዜ የለንም አለች። ቦና ግን የት ነው፣ ምንድን ነው ያለው ብሎ ጠየቀ፤ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕም ቢሆን ጥብስ መኖሩን ሲሰማ ኢንጂነሯን እንደ ሕፃን ተመለከታት።

በእግር ሄዱ፤ በዚያው መንገድ። ፀሐዩ አናት ላይ ቆሟል፤ አሸዋው በጫማ ውስጥ ያቃጥላል። ከአጥሩ ቀዳዳ እስከ ስምረት ጓሮ አንድ ሰው አላገኙም። ቁልቋል ጥላ ሥር የተጋደሙ ፍየሎች ብቻ ነበሩ። ኢንጂነሯ ዣንጥላዋን ይዛ ዞር ዞር አለች፤ ልታሳፍራቸው አልፈለገችም፤ «ያው ነው እንግዲህ» ብቻ አለች። ኹርሲ አላስቻላትም። «አሁንማ ተኝቷላ፣ የኔ እህት። አሥር ሰዓት ይነሳል።» ሥራውስ ብላ ጠየቀች ኢንጂነሯ። «ሥራውም ይተኛል።» ዓለምሰገድ ከኋላ እየተከተለ፣ ጫማው አሸዋ እንዳይለብስ ድንጋይ እየመረጠ ይረግጣል።

የስምረት ምሳ ቤት አንድ ክፍል ናት። ሲሚንቶው በውሃ ታጥቦ ቀዝቅዟል፤ መስኮቱ ላይ ሰማያዊ መጋረጃ ወርዶ ክፍሉን የባሕር ውስጥ አስመስሎታል፤ ጣሪያው ላይ ቬንትሌተር ይንቋቋል። ጠረጴዛዎቹ ለተማሪዎች ናቸው፤ እንግዶቿን ግን ግድግዳውን ተከትሎ በተዘረጋው ፍራሽና መከዳ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሩዙን በትልቅ ሳህን፣ ጥብሱን ከላዩ፣ ቃሪያና ሎሚ ከጎኑ አደረገች። ማሰሮ የሚያክል ጆግ በረዷማ ውሃ፣ ከዚያ ማንጎ ጭማቂ መጣ። ብሉ፣ በሞቴ፣ ይቺን ብቻ እያለች ታጎርሳቸዋለች። ሐሳቧ ሲጠግቡ መናገር ነበር። ስለ ተማሪዎቹ፣ ስለ ሠራተኞቹ፣ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ስለ ኹርሲ ባል ልትናገር፣ ቃላቱን ማድቤት ውስጥ ለብቻዋ ስትደረድር ነበር። ሐብሐብ ቆርጣ ስትመለስ ቦና ታብሌቱን ደረቱ ላይ እንዳደረገ እንቅልፍ ወስዶታል። ኢንጂነሯ ጫማዋን አውልቃለች፤ አንድ ክንዷ መከዳው ላይ ነው፤ ዓይኖቿን እንደ መክፈት ብላ፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ፣ አለች። ከዚያ እሷም የለችም።

ስምረት ሐብሐቡን እንደያዘች ቆመች። ያ ሁሉ ቃል የት ይገባል? ዓለምሰገድ ሰዓቱን እያየ ተቁነጠነጠ፤ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ይጠብቁናል፣ ቀስቅሻት አላት በሹክሹክታ። ስልክ ደወለላቸው፤ ጮኸ፣ ጮኸ፣ የሚያነሳ ጠፋ። ኹርሲ ከበሩ ሥር፣ «ምክትሉም የድሬ ልጅ ነው፤ ተኝቷል» አለችና ሰሌኗን ፍለጋ ወደ ቤቷ ሄደች። ዓለምሰገድ እንደገና፣ ቀስቅሻት እንጂ እቴቴ፣ አለ።

«እንግዳ ከእንቅልፉ አልቀሰቅስም» አለችው፣ እሷም በሹክሹክታ። «እቴቴ ነኝ እንዴ? እናቶች መስሎኝ።»

ዓለምሰገድ ከግድግዳው ሥር ቁጢጥ አለ፤ ጥቂት ቆይቶ እግሩን ዘረጋ፤ ጥቂት ቆይቶ ክንዱን ተንተራሰ። ተወልዶ ባደገበት ከተማ፣ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ጥላ ውስጥ ከዚህ የተለየ ሊያደርግ የሚችል ሰው የለም። ከሰፈሩ ሁሉ ስምረት ብቻ ነቅታ ቀረች። ሲነሱ በቀጥታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ቢሮጡስ? ሰነዱን እግረ መንገዳቸውን ቢያስረክቡስ? እዚህ መጥገባቸውና መተኛታቸው ሰው የለም ለሚለው ተጨማሪ ምስክር ቢሆንስ? ግድግዳው ላይ ካለችው የእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆመች። ብዙ አልለመነችም። በር ብቻ አለች፤ ሌላውን አንቺ ታውቂያለሽ። ከዚያ ዝንብ እንዳይነካቸው በእንግዶቿ እግር ላይ ነጠላዋን ጣል አደረገች።

ከተማው መጀመሪያ በድምፅ ነው የሚነቃው። የአዛኑ ጥሪ ከወዲያ ማዶ ተነሳ፤ ተከትሎ የዛኪር ግሮሰሪ ላሜራ በር ሲጥ ብሎ ተከፈተ፤ ሴቶች ደጃፋቸው ላይ ውሃ ሲረጩ መሬቱ ፍስስ አለ፤ አንድ ባጃጅ አስነሳ፣ ሌላም አስነሳ። ኢንጂነሯ ዘላ ተቀመጠች። ጉንጯ ላይ የመከዳው ጥልፍ ታትሟል። ሰዓቱን ስትሰማ ቦናን በእግሯ ነካችው፣ ዓለምሰገድን በዓይኗ ፈጀችው፣ ምነው እትዬ አይቀሰቅሱኝም ነበር ብላ ሳትጨርስ ጫማዋን በእጇ፣ ጥቅሉን ፕላን በብብቷ ይዛ በጓሮው በር ወጣች። መኪናቸው ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ስለነበረ አቋራጩ ያው መንገድ ነው።

የአጥሩ ቀዳዳ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ማለፍ አልቻለችም። ከወዲያ በኩል ተማሪዎች እየተሳሳቁ ይሾልካሉ። ከወዲህ የኢንዱስትሪ ፓርኩ የማታ ተረኞች፣ ከእነሱ ኋላ የወተት ጀሪካን ያዘሉ ሴቶች፣ ጥላ የያዙ ቄስ፣ የጸሎት ምንጣፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ ሽማግሌዎች፣ አህያ ከነጭነቷ። ኢንጂነሯ ወደ ቀኝ ስትሸሽ ተማሪዎቹን ዘጋች፤ ወደ ግራ ስትሸሽ አህያዋ በጭነቷ ገፋ አደረገቻት። የፕላኑ ጥቅል በሰው መሐል እንደ ባንዲራ ከፍ ብሎ ይታያል። አንዲት አሮጊት ክንዷን በቀስታ ይዘው፣

«የኔ ልጅ፣ መንገዱን ልቀቂልን እንጂ» አሏት።

ለቀቀች። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን ሳታደርግ አፏን ከፍታ ታያቸው ጀመር። ቦና ዓይኑን እያሸ ታብሌቱን ከፈተ፤ ምን እንደሚጽፍበት ጠፍቶት መልሶ ዘጋው። እነዚህ ሁሉ ከየት መጡ፣ አለች ኢንጂነሯ። ሰሌኗን ጠቅልላ የደረሰችው ኹርሲ ነበረች የመለሰችላት።

«ከእንቅልፍ።»

ኢንጂነሯ መጀመሪያ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ወደ ዓለምሰገድ ዞረች፤ አልተቆጣችም፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ እየሰማ ነበር። አንተ የዚሁ ከተማ ልጅ ነህ፣ ስጠይቅህ ሰው አያልፍም አላልከኝም ወይ አለችው። የሚያልፈው ሰው ፍጥነቱን ቀነሰ። ስምረት ወንድሟን አየችው። በዚያች ቅጽበት በሩንም ምሳ ቤቱንም ረስታ ለእሱ ፈራች፤ ቢዋሽም ቢያምንም ጉዳት ነው፣ ለቢሮውም ለስሙም። ዓለምሰገድ አቧራ የለበሰ ጫማውን ጥቂት አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ የአጥሩ ብረት ከቆመበት የድንጋይ ካብ መሐል እጁን ሰደደና አንድ ጨርቅ መዞ አወጣ። በአቧራ ቡናማ ሆኗል፤ ሰማያዊ መስመሩ ግን ይታያል።

«እኔ አልፋለሁ» አለ። «ጠዋትም ማታም። ጫማዬን እዚህ ጠርጌ፣ በአስፋልቱ የመጣሁ መስዬ ነው ቢሮ የምገባው።»

«ድመቷ ተገኘች» አለች ኹርሲ፤ ሰዉ ምን እንደሆነ ባያውቅም ሳቀ።

ኢንጂነሯ ጨርቁን ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ፕላኑን አሸዋው ላይ ዘረጋችው፤ ቦና አንዱን ጫፍ፣ አንድ ተማሪ ሌላውን በጫማቸው ያዙላት። ከቦርሳዋ እርሳስና ላጲስ አውጥታ ከቀዩ መስመር ላይ ትንሽ ፋቀችና፣ ስፋቱ ምን ያህል ይሁን አለች። ያን ጊዜ ነው ሰፈሩ የነቃው። ወጣቶቹ ባጃጅ ይግባ አሉ፤ ቄሱ ባጃጅ ከገባ ሰላም የለም፣ ነገር ግን ቃሬዛ ሳይጋደም የሚያልፍበት ይሁን አሉ፤ ዛኪር ግሮሰሪውን ክፍት ትቶ መጥቶ ሙሽራና ሚዜ ጎን ለጎን ነው መለኪያው አለ፤ የአህያዋ ባለቤት ከነጭነቷ አለ። ኹርሲ ሁሉንም በእጇ ዝም አሰኝታ፣ ዘንቢል የያዙ ሁለት ሴቶች ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ከሌሎች ሁለት ጋር ሲተላለፉ እንዳይጋጩ፣ በቃ፣ አለች። ኢንጂነሯ ይህን በሜትር አስባ ጻፈችው። ሰነዱ ዛሬ እንደማይሰጥ፣ አውሮፕላኑንም ለነገ እንደምታዛውር ተናገረች። «ይጸድቃል ብዬ ቃል አልገባም፤ ያለ በር ግን አላቀርበውም» ስትል አንዱ እልል አለ፤ ወንድ ነበር፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ፕላኑን ጠቅልላ ስትነሳ ለምሳው ስምረትን አመሰገነች፤ ማን አስተናገደን እንበል፣ ስምዎንም አልጠየቅንም አለች። ስምረት አፏን ከመክፈቷ በፊት ዓለምሰገድ ቀደማት።

«እህቴ ናት» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ታላቅ እህቴ። የምኖረው እሷ ጋ ነው።»

 ተማሪዎቹ ቀድመዋት ወደ ምሳ ቤቷ እየሄዱ ነው፤ እትዬ ስምረት፣ ሽሮ ደረሰ ወይ እያሉ ይጣሯታል። መጣሁ አለቻቸው። ከወንድሟ እጅ ጨርቁን ተቀበለች፤ ሁለቴ አራገፈችው፤ አቧራው በአሥር ሰዓት ፀሐይ ወርቅ መስሎ ተበተነ።

«ይኼማ ሳሙናም አያነሳው» አለችው። «ነገ ሌላ ንጹሕ አስቀምጥልሃለሁ።»